ማንም ሳይቆርጠው የሚያልቅ ጫካ

ጣና ዳር ደርሼ ከተመለስሁ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ ሱቄ እየመጣ «ጉማሬ አየህ ወይ?» ይለኛል። አዎ፣ አየሁ። አፉን ሲከፍት የደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ጣቢያ ከነተሳፋሪው ይገባበታል፤ ስለ ጉማሬ በዚህ ይብቃን። እኔ ተናድጄ ነው የተመለስሁት። ንዴቴ እስካሁን ስላልበረደ ልብስ ስሰፋ ጣቴን እየወጋሁ ነው። ከእናንተ አብዛኛው እዚያ አይደርስም፤ ለይለፍ ወረቀት ቀበሌ ደጅ ስትጠኑ ጡረታችሁ ይደርሳል። ስለዚህ ያየሁትን እኔው ልንገራችሁ።

የሄድሁት በእኅቴ ምክንያት ነው። የሻረግ ትባላለች፣ ታላቄ ናት። ከባሕር ዳር ወዲያ፣ ምላሱን ወደ ሐይቁ ባወጣ ጫካማ ምድር ላይ ተድራ እዚያው ቀርታለች። ባሏ ካረፈ በኋላ የምትኖረው ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ባለችው ቡናዋ ነው። በሰው ላከችብኝ፦ «ለቤተ ክርስቲያኑ የተሳልሁትን መጋረጃ ሰፍተህ አምጣልኝ፤ ስትመጣ ዓይንህንም ምላስህንም ይዘህ ና።» ዓይኔን ለምን እንደፈለገችው ኋላ ገባኝ። ምላሴን ግን ከዚያ በፊት የፈለገው ሰው አልነበረም።

ሐሙስ

ጎሕ ሳይቀድ ከማርቆስ ተነሣን። አውቶቡሷ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «እርስዎ» እያልሁ ነው የተሳፈርሁባት። ዳገት ሲመጣ ታቃስታለች፣ ቁልቁለት ሲመጣ ጸሎት ታስደርሳለች። ዳንግላ ኬላው ላይ አንድ ወታደር ሻንጣዬን አስከፈተኝና ቀዩን መጋረጃ፣ ዘርፉ ወርቃማ የሆነውን፣ በጣቱ አነሣው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መጋረጃ ነው።»

«ለማን?»

«ለትልቅ ባለሥልጣን።»

«ለየትኛው?»

«ከሁሉም በላይ ላለው» አልሁት። ዋሸሁ? አልዋሸሁም። ወታደሩ መጋረጃውን ከእኔ በተሻለ አጥፎ መለሰልኝና «መልካም ጉዞ፣ ጓድ» አለኝ። በማርቆስ ጓድ ብሎ የጠራኝ የለም፤ እዳ ያለባቸው እንኳ «አንተ ሰፊ» ነው የሚሉኝ።

ከዱርቤቴ ወዲያ ያለውን አገር ከመስኮት እያየሁ መጣሁ። ሜዳው ሁሉ እርሻ ነው፤ በየጉብታው ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ክብ ጫካ። አገሩ ተላጭቶ ቁንጮ ብቻ የቀረለት ሕፃን ይመስላል። «ይህችን እንኳ ማስቀረታቸው ደግ ሰዎች ናቸው» ብዬ በልቤ መረቅኋቸው። የዚያን ቀን ምርቃት ዛሬ መልሱልኝ ብል ማን ይሰማኛል?

መራዊ ላይ ጎማ ፈነዳ። ድምፁን የሰማ የገበያ ሕዝብ መሬት ላይ ተኛ፤ እኔም ከአውቶቡሷ ዘልዬ አብሬ ተኛሁ፤ ዘመኑ እንዲህ ነው። ጎማ መሆኑ ሲታወቅ ሁሉም ልብሱን እያራገፈ ሳቀ። አንዲት ቆሎ ሻጭ ለተሳፋሪው ሁሉ እፍኝ እፍኝ አደለችን። «በነፃ ነው?» ብላት «ስትተኛ ያሳቅኸኝ ይበቃኛል» አለችኝ። የተኛሁት ለመጋረጃው ብዬ ነው።

መሸንቲን አልፈን ባሕር ዳር ስንገባ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ተቀምጣለች። ሆቴል ቤቱ ሁሉ በጉባኤተኛ ተሞልቷል። አንዱ ባለ ሆቴል «ጉባኤተኛ ነህ?» ሲለኝ «ልብስ ሰፊ ነኝ» አልሁት። «እንግዲያስ አገርህ ግባ» አለኝ። ሰዓት እላፊ ሳይደርስብኝ ወደ ሐይቁ ዳር ሮጥሁና እኅቴ በነገረችኝ ምልክት ሰይድን አገኘሁት። ሰይድ ታንኳ ሠሪ ነው፤ በማግሥቱ የሚያሻግረኝም እርሱ ነበር።

ሳልጠይቀው ወደ ቤት አስገባኝ። ሚስቱ የተጠበሰ ዓሣ አቀረበች። እኔ ሳቅማማ ሰይድ ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ ሥጋችን እንደማይሆንዎት እናውቃለን። ዓሣ ግን ቢስሚላህም በስመ አብም ሳይባልበት ነው የሚሞተው። ይብሉ!»

በላሁ። በእኛ ማርቆስ ዓሣ የምንለው የቆርቆሮ ሳርዲን ነው፤ የዚያን ምሽት የበላሁት ግን ከትሪው ተርፎ ጅራቱ በር ላይ ደርሷል። የተኛሁትም በደንገል ምንጣፍ ላይ ነው። እንደ ሰይድ ቤት ያለ እንቅልፍ በገዛ አልጋዬም ተኝቼ አላውቅም።

ዓርብ

ታንኳ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ ከደንገል የታሰረ ነዶ ነው። ውኃ ይገባበታል፣ ውኃ ይወጣበታል፣ ባለቤቱም «ልማዱ ነው» ይላችኋል። እኔ መጋረጃውን በራሴ ተሸክሜ፣ ወገቤ ድረስ ረጥቤ፣ የማውቀውን ዳዊት ሁሉ ደገምሁ። የማላውቀውንም ደገምሁ።

ከዳር ስንርቅ ሰይድ በመቅዘፊያው ወደ ደንገሉ አመለከተኝ። እዚህም እዚያም እንደ ተበጣጠሰ ምንጣፍ ቆሟል።

«ድሮ አንድ ወጥ ነበር፣ ጋሼ። የገበሬ ማኅበሩ ለጎመን ብሎ መሃል መሃሉን ከፈተው። ‹የቀረው ብዙ ነው› ይሉኛል። ብዙስ ነው፤ ግን ቁርጥራጭ ነው። ማዕበሉ በየቁርጥራጩ ዳር እየገባ ሥሩን ይነቅለዋል።»

«አልነገርሃቸውም?»

«ነገርኋቸው። ‹ማዕበሉን እኛ አላመጣነው› አሉኝ።»

የዚያን ጊዜ ሳቅሁ። በማግሥቱ ያንኑ በጫካው ላይ ሳየው ግን አልሳቅሁም።

እኅቴ ወደቡ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ሦስቴ ስማኝ አራተኛው ላይ «ረጥበሃል፤ አረጀህም» አለችኝ። አገሩ ማረሻ የማይገባበት ጫካ ነው፤ ሰዉ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ይኖራል፣ እህሉን ከገበያ ያመጣል። በእኛ በኩል በሬ የሌለው ሰው ሰው አይባልም፤ እዚያ ደግሞ በሬ የያዘ ሰው በጥርጣሬ ነው የሚታይ። ለሠርጓ ስመጣ ጫካው ከመጨለሙ የተነሣ በቀትር ፋኖስ ይዘን ነው የሄድነው፤ ሙሽራዋን በድምፅ ነበር የለየናት። አሁን ግን የዳጉሳ እንጀራውን እየጎረስሁ በመስኮቷ ወደ ውጭ ባይ የበሬ ጅራት አየሁ።

«እታለም፣ ይህ ጅራት የማን ነው?»

«ብላ፤ ነገ ታየዋለህ» አለች።

ቅዳሜ

ጠዋት ይዛኝ ወጣች። ደግሞ ነገሩ እንዳያደናግራችሁ ግዝቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የጥንት አባቶች በዚህ ጫካ ላይ ግዝት ጥለዋል፦ የቆመ ዛፍ የቆረጠ የተወገዘ ይሁን፤ ማረሻም ከመጨረሻው ዛፍ አይለፍ። የወደቀ ዛፍ ግን ይነሣል፣ ቁጥቋጦም ለአጥር ይመነጠራል። ይህን ያህል ነው። ሰዉ ግዝቱን ይፈራል። ሌሊት ብቻውን ቢሆን እንኳ ከቆመ ዛፍ ላይ ጭራሮ አይሰብርም።

ከጫካው ውጭ ያለው ሜዳ ለገበሬ ማኅበሩ አባላት ታድሏል። ከጫካው ጋር የሚዋሰነውን የሚያርሰው ውበቱ የሚባል ሰው ነው፤ ያየሁት ጅራትም የእርሱ በሬ ነበር። ውበቱ እስከ መጨረሻው ዛፍ እግር ድረስ ያርሳል። ዳር ዳሩን የነበረውን አጋም፣ ቀጋና ክትክታ ለአጥሩ መንጥሮታል። በዚህም ግዝት አልነካም። ግን ያ ቁጥቋጦ የጫካው በር ነበር። በሩ ሲነሣ ፀሐይና ነፋስ ዘው ብለው ገቡ። ዘመኑን ሙሉ በጥላ የኖረ ዛፍ ፀሐይ ጎኑን ሲመታው፣ ሥሩንም ማረሻ ሲያገኘው ይደርቃል፤ ክረምት ሲመጣ ይወድቃል። ሲወድቅ የመጨረሻው ዛፍ ከኋላው ያለው ይሆናል። ማረሻውም እዚያ ድረስ ይገባል። የዚያኛውንም ጎን ፀሐይ ይመታዋል።

ጨርቅ ቀድዳችሁ ጠርዙን ሳትዘመዝሙ ብትተዉት ምን ይሆናል? ክሩ አንድ በአንድ እየተፈታ መሃሉ ይደርሳል። ይህን በእኛ ሰፈር የሦስት ቀን ተለማማጅ ያውቀዋል።

ወደ ውስጥ ስንገባ የረገጥነው ቅጠል እንደ ቆሎ ተንኮሻኮሸ።

«ሰማህ?» አለች የሻረግ። «ድሮ ቅጠሉ ርጥብ ስለነበረ ድምፅ አልነበረውም። ጉሬዛው እንኳ ሰው መምጣቱን የሚያውቀው ካስነጠስን ነበር።»

«ጉሬዛዎቹስ?»

«ወደ ውስጥ ሸሹ። ውስጥ ሲያልቅ ወደ ውኃው ይገባሉ እንግዲህ።»

ሐረጉ በአዲሱ ብርሃን ጠግቦ ዛፎቹን አንቋቸዋል። የዶቅማው ዛፍ ቅርፊት ፀሐይ በሚመታው ወገን ተሰነጣጥቋል። ከዚያ ቡናዋ ጋ ደረስን። ቅጠሉ ቢጫ ነው፤ ፍሬው ገና በእንጭጩ ጠቁሮ መሬት ላይ ረግፏል። ስትዳር ከጫካው መሃል የነበረች ቡና ዛሬ ከእርሻው የሚለያት አንድ ረድፍ ዛፍና ከረድፉ ፊት ያለ ቁራጭ መሬት ብቻ ነው። ቁራጩ መሬት ባለፈው ክረምት ዛፎቹ የወደቁበት ነው፤ ግንዱ እንደተጋደመ ነው፣ በላዩም ቁጥቋጦ አቆጥቁጦበታል።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ አለ» አለችኝ። «ይህንን ቁራጭ ለውበቱ ሊሰጡት ነው። ከተሰጠው ሰኞ ይጠምዳል። ከታረሰ ይህ ረድፍ ክረምቱን አይሻገርም። ከረድፉ ቀጥሎ የእኔ ቡና ነው። ከቡናዬ ቀጥሎ ምን እንዳለ ታውቃለህ?»

«ምን አለ?»

«እኔ አለሁ።»

እስቲ ፍረዱኝ። ጫካው በየዓመቱ እንደ ታጠበ ሱፍ ይጠብባል፤ አንድም ሰው ግን መጥረቢያ አላነሣም። ገበሬው ግዝቱን ጠብቋል። ካህናቱ ጠብቀዋል። ሃይማኖት የለኝም የሚለው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እንኳ ጠብቋል። እንዲህ ያለ ጻድቅ አገር አይቼ አላውቅም! ኃጢአተኞቹ ዛፎቹ ብቻ ናቸው፤ እነርሱ ናቸው የሚወድቁት። በእኛ ማርቆስ ዛፍ የሚያጠፋ ሰው ቢያንስ መጥረቢያ ይይዛል፣ ላብ ያልበዋል፣ ሰው ሲያይ ይደነግጣል፤ «ሌባ!» ብላችሁ ልትጮኹበት ትችላላችሁ። እዚህ በማን ላይ ልጩህ? በንዴት እራቴን ሳልበላ ተኛሁ። እኔን የሚያውቅ ይህ ምን ያህል ንዴት እንደሆነ ይረዳል።

እሁድ

መጋረጃው ተሰቀለ። ካህናቱ አመሰገኑኝ፤ አንዱ ብቻ «በግራ በኩል አንድ ጣት ያጥራል» አለ። አይፈረድበትም፤ ግራው የረዘመው መቅደሱ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቅጽሩ ውጭ ከባምባው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ መፈክር አሰምቶ፣ እጅ አስነሥቶ፣ ነገሩን ጀመረ። «ጫካው በተፈጥሮ ምክንያት የለቀቀው መሬት ጦም ማደር የለበትም። ለጓድ ውበቱ ይሰጥ።»

እኅቴ ተነሣች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ዛፎቹን ማን ጣላቸው?»

«ነፋስ ነዋ!»

«ነፋሱንስ ማን አስገባው?»

«እኅት የሻረግ፣ ነፋስን ለስብሰባ ጠርተን አንጠይቅም።»

ምላሴ አመለጠችኝ። «ቢጠራም ኬላው ላይ ይመለሳል፤ የይለፍ ወረቀት የለውም!» አልሁ። ሰዉ ሳቀ፤ ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። «ይህ እንግዳ የማን ነው? ከየት ነው የመጣው?» ሲል የማርቆስ ሰውነቴን በሙሉ ረሳሁት። እኅቴ ነጠላዬን ሳብ አድርጋ አስቀመጠችኝ።

ውበቱ ተነሣ። ክፉ ሰው መስሎኝ ነበር፤ እጁ ንቃቃት የሞላበት፣ ድምፁ የሰለለ ሰው ነው። «እኔ ዛፍ አልቆረጥሁም» አለ። «ልጆቼ ቅጠል አይበሉም። ማረሻዬን የመጨረሻው ዛፍ እግር ሥር አድርሼ እመልሳለሁ። ዛፉ ሲወድቅ የመጨረሻው ሌላ ይሆናል፤ ያኔ እዚያ ድረስ እሄዳለሁ። ጥፋቴ የቱ ላይ ነው? አለቃ፣ እርስዎ ይንገሩኝ።»

የደብሩ አለቃ መቋሚያቸውን ተደግፈው ብዙ አሰቡና «ግዝት አልጣስህም» አሉ። እኔም ጥፋቱን ፈልጌ አጣሁበት፤ ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው።

ጉዳዩ ያለቀ ሲመስል እኅቴ እንደገና ተነሣች። አሁን ድምፅዋ እንደ ማር ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ይህንን ድምፅ እፈራዋለሁ።

«አለቃ፣ እግዚአብሔር ያሳይዎ፣ አላዋቂ ስለሆንሁ ነው። ዛፍ የሚባለው ምን ያህሉ ነው? በሰው ቁመት ነው? በቤት ቁመት ነው?»

«ግዝት ክንድ ይዞ አይለካም፣ የሻረግ» አሉ አለቃው። «አንድ ግንድ ይዞ፣ ሥር ሰዶ በራሱ ቅጠል የቆመ ሁሉ ዛፍ ነው። ትንሹንም ትልቁንም የሚያቆመው አንድ እርሱ ነው።»

«ሰው የተከለውስ?»

«ሰው ይተክላል እንጂ ያበቅላል እንዴ? ያም ዛፍ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀመጠች። ሊቀመንበሩ «ጥያቄው ተመልሷል፤ ተቃውሞ ያለው?» አለ። ማንም የለም። ተጨበጨበ። እኅቴም አጨበጨበች።

ወደ ቤት ስንመለስ «እታለም፣ አሁን ምን ያስጨበጭባል?» ብዬ ጮኽሁባት። «ዝም በል፣ ወንድምዓለም» አለችኝ። «ዛሬ ሰንበት ነው፤ መቆፈር ነውር ነው። ነገ ማልደህ ትነሣለህ።»

ሰኞ

ማልጄ ተነሣሁ። ከጫካው ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ዋንዛዎች ሥር፣ ጥላ ለምዶ የበቀለ ችግኝ ሞልቷል። ከነአፈሩ እየፈነቀልን በሞሶብ ክዳን አመላለስነው። ሁለት ጎረቤቶቿ መጥተው አገዙን፤ የእነርሱም ቡና ከእርሷ ቡና ቀጥሎ ነው። ቁራጩ መሬት ከእርሻው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ፣ ቁጥቋጦውን ሳንነካ፣ አንድ በአንድ ተከልን። ሌሊት ካፊያ ጥሎ ስለነበረ አፈሩ ለስልሷል።

«ትንሽ ወደ ውጭ እናውጣው እንጂ!» አልኋት። «እስከ መራዊ ድረስ እንትከል!»

«አይሆንም። ያለውን አልነካበትም፤ የሚመጣውን ነው የምከለክለው» አለች።

የመጨረሻዋ ችግኝ ስትተከል ውበቱ በሬዎቹን ጠምዶ ደረሰ። ቆመ። ችግኞቹን አየ፣ እኛን አየ፣ ጅራፉን ጣለ።

«እትዬ የሻረግ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የመጨረሻው ዛፍ።»

«ይህ ዛፍ ነው? ይህን ዶሮዬ በአንድ ጉርሻ አትውጠውም?»

«ዶሮህ ግዝት የማትፈራ ከሆነ ትሞክረው።»

ጩኸቱን የሰማ ሁሉ መጣ። ሊቀመንበሩ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ፣ አለቃውም መቋሚያቸውን እየጎተቱ ደረሱ። ሊቀመንበሩ «ይህ አሻጥር ነው!» አለ። በዘመናችን ከዚህ ቃል በኋላ ምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁለቱ ጎረቤቶች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። እኔ ሁለት አልሁ። የሻረግ ግን መቆፈሪያዋን እንደያዘች አለቃውን ብቻ ነበር የምታየው።

አለቃው ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ። የዋንዛዋን ችግኝ በጣታቸው ነካ አደረጓት። ትናንት የተናገሩትን እየቀመሱት መሆኑ ከፊታቸው ይታወቃል፤ ጺማቸውን ሁለቴ አኘኩት።

«አንድ ግንድ አላት» አሉ። ቅጠሏን ገለጥ አድርገው «ቅጠልም አላት» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ። «ትናንት በሕዝብ ፊት ያልሁትን ዛሬ በበሬ ፊት አልለውጥም። ዛፍ ናት።»

ሊቀመንበሩ ሰዉን ዞሮ አየ። ትናንት «ተቃውሞ ያለው?» ብሎ ያስጨበጨበው ሕዝብ ነው የቆመው። ጥያቄው ተመልሷል ያለውም እርሱ ራሱ ነው። የቀረውን የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

ውበቱ ቀንበሩን ደገፍ አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አሳዘነኝ። «ልጆቼስ?» አለ፤ ማንንም እያየ አልነበረም። ሰው እንዲህ በመሬት ጥበት ከዛፍ ጋር ሲጣላ፣ ሰፊው ሜዳ ተቆራርሶ እንዲታደል ያዘዘው የበላይ አካል ግን በአካባቢው አልነበረም። ስድቤን ሁሉ አዘጋጅቼ የምሰድበው አጣሁ። ከዚያ ውበቱ ጅራፉን አነሣና በሬዎቹን ጠርቶ ከችግኞቹ ፊት አዞራቸው። የማረሻው ጫፍ ከመጨረሻዋ ችግኝ በስንዝር ርቀት መሬቱን ሰንጥቆ ተመለሰ።

ሰይድ ከወደቡ እየተጣራ ስለነበረ አልቆየሁም። ከታንኳው ላይ ሆኜ ዞሬ አየሁ። የሻረግ ሰማይን እያየች ዝናብ ትለምናለች። እኔም ወገቤ ድረስ ረጥቤ፣ ማርቆስ እስክደርስ ያልወጣልኝ ንዴት ይዤ፣ አባቶች ያኖሩትን ያን የሚያህል ጫካ በጣት በምታክል ችግኝ ጥላ ሥር ተጠልሎ ትቼው መጣሁ።